ሁለት ጣት

«ልጄ ሊያገባ ነው፤ ቤቴን ልቀቁልኝ፣»
ብሎ ባለቤቱ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ ቀን ቆረጠልኝ።
አልተቆጣሁበት፤ ልጅ መዳር ደግ ነው፤
ግን ፍራንክፈርት መሀል ላምስት ነፍስ የሚሆነው
ቤት፣ ደሞዜን ግጦ ግጦ አጥንቱን ነው የሚተወው።

አጥናፉ ማታውን ካርታ ዘረጋና፣
ከመስፊያ ሣጥኔ ጥቁር ክር መዘዘና፣
አንዱን ጫፍ በመርፌ ሆስፒታሌ ላይ ሰካው፤
በሌላው ጫፍ እርሳስ ቋጥሮ በጣቱ ለካው።
«ክሩ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ገደል፣»
አለና ክብ ሠራ፣ ኑሯችንን ሊከልል።

ባቡር ግን ክብ አያውቅም።
ሐዲድ ባለፈበት ሩቁ ቅርብ ይሆናል፤
ሐዲድ ባልነካው በኩል፣ በዐይን የሚታይ መንደር
በሁለት አውቶቡስ መሀል ይጠፋል።

ባድ ሆምቡርግ ውብ ናት፤ ውበቷን ለሀብታም ትያዝለት፤
ኦፈንባኽ ዘመድ ሞልቷል፤ ቤት ነው የጠፋበት።
ዳርምሽታት መዋኛ አለው፤ ልጆቹ ወደዱት፤
እኔን ግን ኪራዩ አሰጠመኝ፣ ገና ሳልገባበት።
ከመሀል በራቅሁ ቁጥር ዋጋው ይቀላል፤
በየጣቢያው ደግሞ እንቅልፌ አብሮ ይወርዳል።
ባንድ ጣቢያ ሃምሳ ዩሮ፣ ባንድ ጣቢያ ሰባት ደቂቃ፤
ስደምር፣ ስቀንስ፣ ስደምር፣ ሕፃኑ ነቃ።

ኢዮስያስ፣ ስምንት ዓመቱ፣ የካርታውን ጥግ ይዞ፦
«እማ፣ እዚያኛው ቤት ማታ ስትገቢ
ነቅተን ነው ተኝተን?»
አጥናፉ እርሳሱን ቀረጸ። እኔ ሳህን አጠብሁ።

እሑድ እሑድ ዞርን። እሑድ ግን ያታልላል፤
ፀሐይ የወጣለት መንደር ሁሉ ሙሽራ ይመስላል።
ሙሽራን በሠርጓ ዕለት ጠባይዋን ማን አየ?
ጫጉላው ካላለፈ ማን ከማን ተለየ?

ገልንሃውዘን ያየነው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤
ከወጥ ቤቱ መስኮት የጣቢያው ሰዓት ይታያል።
«ሮጠሽ ትደርሻለሽ፣» አለኝ አከራዩ።
ጉልበቴን አላየም።

ስለዚህ ሰኞ ማታ፣ ላንድ አልጋ ሠላሳ ስምንት ዩሮ ከፍዬ
(አጥናፉ «አበድሽ» እያለኝ) እዚያው ሄጄ አደርሁ፤
ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሌሊት፣ በዝናብ፣
ዐሥር ዓመት እንደኖረ ሰው ጣቢያው ላይ ቆምሁ።

ሰሌዳው «ዐሥር ደቂቃ ይዘገያል» አለ። ቆየና «ሃያ»።
ኋላ ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ባቡሩ ቀርቷል።
ሠላሳ የሚሆን ሰው ባንድ አፍ ተነፈሰ፤ እኔም አብሬ ተነፈስሁ፤
ከዚያች ከተማ ጋር የተነጋገርሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ማዶ ያለው ዳቦ ቤት መብራቱን አበራ።
ጋጋሪው፣ ክንዱ በዱቄት ነጥቶ፣
«ገና አልበሰለም፤ ሙቀቱ ግን በነጻ ነው» ብሎ በሩን ከፈተ።
ወይዘሮ ክራውስ የተባሉ ባለ ሽበት
የፔርሙሳቸውን ክዳን ሻይ ሞልተው ሰጡኝ፤
«የት ነው የምትወርጂ?» አሉኝ እንጂ ከየት መጣሽ አላሉኝም።
አንድ ግንበኛ ወንድሙን በስልክ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰ፤
«እስከ ሃናው አራት ሰው ይይዛል» ብሎ በጣቱ ሲቆጥር
አራተኛዋ እኔ ነበርሁ።

በማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ እስከ ሃናው ተኛሁ።
ሥራ የገባሁት ሃምሳ ደቂቃ አርፍጄ፤ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ።
የደም ብልቃጦቹ ተሰልፈው ጠበቁኝ።

ማታ ይህን ሰምቶ አጥናፉ እርሳሱን አነሣ፤
«ባቡሩ የሚቀር ከሆነማ፣ በቃ፣ ይህቺ ትረሳ።»
«ተው፣ አትሰርዛት፤ እሷን ነው የምፈልገው።»
«ምን አይተሽ?»
«ባቡር ሲደርስማ ሁሉም ሀገር ሀገር ነው፤
የሰው ጠባይ የሚታየው ባቡር የቀረ ለት ነው።»

በክሩ መለሰልኝ። ጎተተው፤ አልደረሰም።
«ሁለት ጣት ይቀረዋል፤ ክር ደግሞ በልመና አይረዝምም።»
እርሳሱ የታሰረበትን ቋጠሮ አየሁት፤
ድርብ ነው፣ የአጥናፉ ቋጠሮ ሁሉ ድርብ ነው፤ በጥርሴ ፈታሁት።
ክሩ፣ እንደታሰረ ዐመል ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ፣
ተዘርግቶ ሄዶ ከስሟ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ዋለ።

አጥናፉ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ዝም አለ።
የኢዮስያስ ጥያቄ ከካርታው ጥግ አልተነሣም፤
እሱን በጥርስ አልፈታውም።